«በቃ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

(ምስል፦ ደብረ ብርሃን፣ ማለዳ። ጉም። ጋቢ የተከናነቡ መንገደኞች።)

ጠባሴ ያሉ አንዲት ጎረቤቴ ቤት ግድግዳው ላይ የልጃቸው የኤሌክትሪክ ሥራ የብቃት ማረጋገጫ ተሰቅሏል። ከጎኑ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ሥዕል አለ። እማማ ወረቀቱን እያሳዩ «ለወግ ለማዕረግ በቃልኝ» ይላሉ። ወደ ሥዕሉ ዞር ብለው ደግሞ «የበቁስ እሳቸው!»

ግሱ አንድ ነው፤ መንገዱ ግን ሁለት።

(ምስል፦ ፒራሚድ።)

የልጁን መንገድ በሰፊው ያሳወቀው አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ አብርሃም ማስሎው ነው። እ.ኤ.አ. በ1943 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሰው በቅድሚያ እንጀራ፣ ቀጥሎ ደኅንነት፣ ከዚያ ፍቅር፣ ከዚያ ክብር ይሻል አለ። እነዚህ ተሟልተውም ውስጡ ያለውን ካላወጣ ዕረፍት የለውም። ባና ለመሥራት የተፈጠረ የመንዝ ሰው ባና ካልሠራ አይሆንለትም እንደ ማለት ነው። ራስን እውን ማድረግ የሚባለው ይህ ነው። (እነዚህን ፍላጎቶች በደረጃ የሚደረድረውን፣ በየሥልጠናው የሚያሳዩንን ፒራሚድ ግን እሱ አልሣለውም።)

አሠልጣኞቻችን እዚህ ላይ ያቆማሉ። ማስሎው አላቆመም። እ.ኤ.አ. በ1970 ከማረፉ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ራሳቸውን እውን ካደረጉት መካከል ከራሳቸው አልፈው የሚሄዱም እንዳሉ ጻፈ።

(ምስል፦ የደብረ ሊባኖስ ገደል።)

በገዳም መንገዱ የሚጀምረው ከሌላ ጫፍ ነው። አባቶች 10 መዓረጋት ይቆጥራሉ፤ በንጽሐ ሥጋ፣ በንጽሐ ነፍስና በንጽሐ ልቡና የተከፈሉ። መነሻው ጽማዌ ነው፤ ዝምታ። መሐል ላይ አንብዕ፣ ማለትም እንባ አለ። መድረሻው ነጽሮተ ሥላሴ፤ ሥላሴን ማየት። መነኩሴው እስኪጠግብ አይጠብቅም፤ እፍኝ ሽምብራ ይዞ ይነሣል። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም እግራቸው እስኪቆረጥ ቆመው እንደ ጸለዩ ገድላቸው ይተርካል። የማስሎው ደረጃ እዚህ የተገለበጠ ይመስላል።

ይመስላል እንጂ፣ ለእኔ ማስሎውን አያፈርሰውም። ገብሱን ውርጭ የመታበት ገበሬ ጾመኛ አይደለም፤ ተርቧል። ጾም ሰው ወድዶ የሚገባበት ነው። የተራበን ሰው «መንፈስህን አበርታ» ማለት ድፍረት ነው።

(ምስል፦ መሰላል ላይ የቆመ ወጣት።)

ያ ልጅ ባለፈው ሰሞን የሰፈሩን ደብር መብራት ሁለት ቀን ሙሉ ሲዘረጋ ዋለ። ሒሳብ አልጠየቀም። ሲመለስ እናቱ እግሩን ሊያጥቡ ውሃ አሙቀው ጠበቁት።

«ገና አሁን ጀመረ» አሉኝ።