ማዘዣው ወደ ማን ይሂድ? የዓመታዊ ጉባኤ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ እንግዶች፣ የክሊኒክና የመድኃኒት ቤት ባለቤቶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከሰበታ፣ ከዓለም ገናና ከፉሪ በዚህ ጭቃ የመጣችሁትን በተለይ አመሰግናለሁ። የቀረውን ምስጋና ጸሐፊያችን ያነብላችኋል፤ እኔ ወደ ጉዳዬ ልግባ።

በዓመቱ ሥልጠና ሰጥተናል፤ ኮምፒውተሮች በጋራ ገዝተናል፤ መብራት ሲጠፋ የሚያገለግል ባትሪም አስገብተናል። ደስ ይላል። ኮምፒውተሮቹ ግን በብዙዎቻችን ዘንድ ዳንቴል ለብሰው ተቀምጠዋል፤ ማዘዣ ዛሬም በእጅ ይጻፋል።

ዓመቱን ሙሉ ያጨቃጨቀን አንድ ጥያቄ ነው፦ ሐኪሙ በኮምፒውተር ያዘዘው ወደ የትኛው መድኃኒት ቤት ይሂድ? መድኃኒት ቤቶች «ክሊኒኩ ለወዳጁ ይልካል» ትላላችሁ። ስጋታችሁ ከመሬት የተነሣ አይደለም። ክሊኒኮች ደግሞ «የምናዝዘውን ጎረቤት ሁሉ ያየዋል» እንላለን። በኢስቶኒያ ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማዘዣው በአገሪቱ የጋራ ቋት ይቀመጣል እንጂ ለአንድ መድኃኒት ቤት አይላክም፤ ታካሚው መታወቂያውን ይዞ ወደ መረጠው ይሄዳል። ለእናንተ ያቀረብኩትም ይህንኑ ነበር። ሦስት ጊዜ ስብሰባ ጠራሁ። አብዝተው የተቃወሙት ግን አንዱንም አልረገጡትም፤ ዛሬም ወንበራቸው ባዶ ነው። ደብዳቤ መላኩን አላቋረጡም፤ የእጅ ጽሑፋቸውን ማንበብ ግን አቅቶኛል።

የእኔም ከእነርሱ አይሻልም። ባለፈው ክረምት ለአንዲት እናት 10 ዩኒት ኢንሱሊን አዘዝኩ። «ዩኒት» የሚለውን በአንድ የላቲን ፊደል አሳጥሬ ከቁጥሩ ጋር ስላጣበቅሁት ዜሮ መስሎ 100 ሆነ። እንዲህ አትጻፉ ተብለን የተማርነው ነገር ነው! የመድኃኒት ባለሙያዋ ተጠራጥራ ደወለች፤ ስልኩን ያነሣሁት በአራተኛው ጥሪ ነው። እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጣለች። በሦስተኛው ተስፋ ብትቆርጥስ ኖሮ?

ኮምፒውተር ከስህተት ሁሉ ያድናል አልልም። ክሎርፕሮማዚን ለአእምሮ፣ ክሎርፕሮፓማይድ ለስኳር ሕመም ይታዘዛሉ፤ በስም ዝርዝር ላይ ጎረቤታሞች ስለሆኑ ጣት አንድ መስመር ከሳተ አንዱ በሌላው ይተካል። የእኔን ጭረት የሚገምት ሰው ግን አይኖርም።

ጉባኤው ተከፍቷል። ከሻይ በኋላ ድምፅ እንሰጣለን። ምልዓተ ጉባኤው የሞላው በሁለት ሰው ብልጫ ብቻ ነውና፣ በሩ ሥር የተቀመጣችሁ ሦስት ወንድሞቼ፣ እባካችሁ ወደ ፊት ቅረቡልኝ።