ሳንባ ራሱን አይነፋም፦ የዮጋ ትንፋሽ ለአፍላ ወጣቶች ምን ይጠቅማል?

ሰላም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ! ከመጀመራችን በፊት አንድ እጃችሁን ደረታችሁ ላይ፣ አንዱን ሆዳችሁ ላይ አድርጉ። እንደ ወትሮው ተንፍሱ። የቱ እጅ ተነሣ? የደረቱ ከሆነ ይህ ቪዲዮ የእናንተ ነው። የሆዱ ከሆነም አትሂዱ፣ ገና ብዙ አለን።

ወናፍ ታውቃላችሁ አይደል? ብረት ቀጥቃጭ እሳቱን የሚያነድበት የቆዳ ከረጢት። ወናፍ ብቻውን መሬት ላይ ቢቀመጥ ምን ይሠራል? ምንም! ዝም ያለ ቆዳ ነው። እጅ ሲከፍተው አየር ይገባል፤ እጅ ሲጫነው አየር ይወጣል። ልብ በሉ፣ አየር ስለገባ አይደለም ወናፉ የሚከፈተው፤ ስለተከፈተ ነው አየሩ የሚገባው። ሳንባም እንደዚያው ነው። ራሱን የሚነፋበት ጡንቻ የለውም። ቆዳው ሳንባችሁ ነው፤ እጁ ደግሞ ከሥሩ እንደ ጃንጥላ የተዘረጋው ጡንቻ፣ ድያፍራም ነው። ድያፍራም ሲወርድ ደረት ይሰፋል፣ አየር ይገባል። ሲላላ ወደ ቦታው ይመለሳል፣ አየር ይወጣል። ሆድ የሚነፋው አየር ሆድ ስለገባ እንዳይመስላችሁ፤ ድያፍራሙ ሲወርድ ጉበትና ጨጓራን ወደ ታች ስለሚገፋ ነው። ደግሞስ ጥሩ ወናፍ ነፊ ይጣደፋል እንዴ? ከፈት አድርጎ ረጋ ብሎ ይጫናል። እየተጣደፈ እፍ እፍ ቢያደርግ እጁ ይዝላል እንጂ እሳቱ አይነድም።

ስሌቱን ቶሎ ልበለው። በአዋቂ ሰው ከእያንዳንዱ ትንፋሽ 150 ሚሊ ሊትር ያህሉ የአየር ቧንቧው ውስጥ ቀርቶ ይመለሳል፤ ከደም ጋር አይገናኝም። በደቂቃ 20 ጊዜ 250 ሚሊ ሊትር፣ 5 ሊትር ነው፤ አየር ከደም ጋር የሚገናኝባቸው የሳንባ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ጋ የሚደርሰው 2 ሊትር። በደቂቃ 10 ጊዜ 500 ሚሊ ሊትር፣ እሱም 5 ሊትር ነው፤ የሚደርሰው ግን 3 ሊትር ተኩል። ያው 5 ሊትር! ዝግ ያለ ትንፋሽ የሚያዋጣው ለዚህ ነው።

አሁን ደጋግማችሁ ወደምትጠይቁኝ ልምጣ። «በፍጥነትና በኃይል ብተነፍስ ደሜ በኦክስጅን አይሞላም ወይ?» ካፓላባቲ የሚባለውን ፈጣን ልምምድ ያያችሁ ሁሉ ይህን ትላላችሁ። አይሞላም፤ ምክንያቱም ሞልቷል። የጤነኛ ሰው የኦክስጅን መጠን ቁጭ ባለበት 95 እስከ 100 በመቶ ነው። በፍጥነት ስትተነፍሱ የሚለወጠው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ እሱ ይቀንሳል። ሲቀንስ የአንጎል የደም ሥሮች ይጠባሉ፤ ያዞራችኋል፣ ከንፈርና ጣት ይደነዝዛል። ይህን «ኃይል እየገባኝ ነው» የሚሉ አሉ። ኃይል አይደለም፣ አንጎላችሁ የሚደርሰው ደም ቀንሶ ነው! ከሁሉ የሚያሳስበኝ የውሃ ዋና ነው። «ተንፍስ» ብሎ የሚያስገድደን በዋናነት የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጨመር ነው። ከመጥለቃችሁ በፊት በፍጥነት ተንፍሳችሁ እሱን ካራገፋችሁት ማስጠንቀቂያው ይዘገያል፣ ኦክስጅኑ ያልቃል፣ ውሃ ውስጥ ራስን መሳት ይመጣል። ሰው ይሞትበታል። እባካችሁ፣ ይህን ለሚዋኝ ጓደኛችሁ ላኩለት፤ ሰብስክራይቡ ይቆይ፣ ይሄ ይቅደም።

ልምምዱ ሳንባ ያሳድጋል? ሳንባ ከቁመት ጋር ያድጋል፤ አቅሙ ጫፍ የሚደርሰው በአሥራዎቹ መጨረሻና በሃያዎቹ መጀመሪያ አካባቢ ነው። ልምምዱ የሚያሠለጥነው የወናፉን እጅ፣ ድያፍራሙን፣ እንጂ ቆዳውን፣ ሳንባውን፣ አይደለም። የሲጋራና የቬፕ ጉዳትንም አያጥብም።

እንሥራ። በጀርባችሁ ተኙ፣ ጉልበት ይታጠፍ፣ እጆች እንደ መጀመሪያው። በአፍንጫ እስከ 4 ቆጥራችሁ አስገቡ፤ የሆዱ እጅ ይነሣ፣ የደረቱ ጸጥ ይበል። እስከ 6 ቆጥራችሁ አስወጡ። 5 ደቂቃ፣ በቀን 2 ጊዜ። ትንፋሽ መያዝ የለም። አየር ካጠራችሁ 3 አስገቡ፣ 4 አስወጡ። ትከሻ ወደ ጆሮ ከወጣ የአንገት ጡንቻ ሥራውን ቀምቷል ማለት ነው፤ አቁሙና እንደገና ጀምሩ። ሆድን ገፍቶ ማውጣትም ማታለል ነው፤ ድያፍራሙ ያንሣው። ካዞራችሁ ደግሞ በዝግታም ቢሆን ሳንባችሁን ጢም አድርጋችሁ እየሞላችሁ ነው፤ ሦስት አራተኛው ይበቃል።

አንድ ሳምንት ከሠራችሁ በኋላ ቁጭ ብላችሁ ናዲ ሾዳናን፣ በአፍንጫ ቀዳዳዎች በየተራ መተንፈስን፣ ጨምሩ። ቀኙን የአፍንጫ ቀዳዳ በአውራ ጣት ዘግታችሁ በግራ አስገቡ፤ ግራውን በቀለበት ጣት ዘግታችሁ በቀኝ አስወጡ። በቀኝ አስገቡ፣ በግራ አስወጡ። ይህ አንድ ዙር ነው፤ 5 ይበቃል። ጉንፋን የያዘው ይተወው፣ የታፈነ አፍንጫ አይታገሉትም።

አስም ያለባችሁ፣ ልምምዱ ስሜቱን ሊያቀልላችሁ ይችላል፤ የቧንቧውን ብግነት ግን አያክምም። ኢንሄለራችሁ በሐኪም ትእዛዝ ይቀጥል፤ ሲነሣባችሁም ቅድሚያ ለኢንሄለሩ። ረጅምና ቀጭን የሆናችሁ፣ በተለይ ወንዶች፣ በኃይል የሚሠሩትን ልምምዶች ተዉ፤ በእናንተ ላይ አየር ከሳንባ አምልጦ ሳንባውን የማጨማደድ ዕድሉ ከሌላው ከፍ ይላል። ድንገት በአንድ ጎን ደረት ላይ ውጋት ከትንፋሽ ማጠር ጋር ከመጣ ልምምዱ ይቁም፤ እስኪያልፍ አትጠብቁ፣ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል።