«ቦይኮት» የማን ስም ነው?

ከባህር ዳር የደወሉ አድማጭ፦ ዜና ላይ «ፓርቲው ምርጫውን ቦይኮት አደረገ» ሲባል እሰማለሁ። ልጄ ደግሞ ቦይኮት የሰው ስም ነው አለኝ። እውነት ነው ወይ?

መልስ፦ ልጅዎ ልክ ነው። ቻርልስ ቦይኮት እንግሊዛዊ ነው። አየርላንድ ውስጥ፣ ማዮ በሚባል አውራጃ፣ ሎርድ ኧርን የተባለ ባላባት መሬት ላይ ወኪል ሆኖ ከጭሰኞች ኪራይ ይሰበስብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1880 ጭሰኞቹ ኪራዩ በሩብ ይቀነስልን አሉ። ባላባቱ ከ10 በመቶ አላልፍም አለ። ቦይኮትም ያልከፈሉትን ሊያስነቅል ተነሳ።

ያኔ አገሬው አገለለው። የእርሻ ሠራተኞቹ ጥለውት ሄዱ። ልብስ አጣቢዋ ቀረች፤ ባለሱቁ አልሸጥልህም አለው፤ ደብዳቤ የሚያመላልሰው ልጅ እንኳ እግሩን ሰበሰበ። በእኛ አነጋገር እሳት የሚጭርበት ጎረቤት አጣ። አዝመራው ማሳ ላይ ሊበሰብስ ሲል 50 ያህል ሰዎች ከሌላ አውራጃ መጥተው ሰበሰቡለት። እነሱን ለመጠበቅ ግን 1,000 ገደማ ወታደርና ፖሊስ ተሰማራ። 500 ፓውንድ ለሚያወጣ ሰብል 10,000 ፓውንድ ያህል ወጣ ማለት ነው! ቦይኮት ዓመቱ ሳያልቅ አገሩን ለቀቀ።

ቃሉን ያወጡት ጆን ኦማሊ የሚባሉ የአካባቢው ቄስ ናቸው ይባላል። ገበሬው በቀላሉ የሚይዘው ቃል ፈልገው የሰውየውን ስም ግስ አደረጉት።

ከአዳማ የደወለች አድማጭ፦ ታዲያ ከአድማና ከማዕቀብ በምን ይለያል?

መልስ፦ ሥራ ማቆም አድማ የሠራተኛው ነው። ማዕቀብ መንግሥታት የሚጥሉት ነው። ቦይኮት ግን የሸማቹ፣ የመራጩ፣ የተጋባዡ ነው፤ አልገዛም፣ አልገባም፣ አልገኝም ማለት። ደግሞ በኅብረት መሆን አለበት። አንድ ሰው ተቀይሞ ከአንድ ካፌ ቢቀር እኔ ቦይኮት አልለውም። ማዮ ላይ ደብዳቤ አመላላሹ ልጅ ብቻውን ቢቀር ኖሮ ሌላ ልጅ ይቀጠር ነበር።

የሚቀረው ሰውም ይጎዳል፤ ይሄ ብዙ ጊዜ ይረሳል። የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን አፓርታይድ ወደነበረባት ደቡብ አፍሪካ ሄዶ በመጫወቱ፣ በ1976ቱ የሞንትሪያል ኦሎምፒክ ብዙ የአፍሪካ አገሮች ቀሩ። ኢትዮጵያም ቀረች። ምሩፅ ይፍጠር በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ወርቅ ለማግኘት እስከ ሞስኮ 1980 አራት ዓመት መጠበቅ ነበረበት።