ሰሎሜ የሌለችበት ስደት

ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ አድማጮቼ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንዲት ትንሽ ሥዕል ነው። ቁመቷ 31፣ ወርዷ 41 ሴንቲሜትር ብቻ ስለሆነ ሞሰብ ላይ ብትቀመጥ ቦታ ይተርፋል። የተሣለችው በሸራ ሳይሆን በመዳብ ላይ ነው። ሠዓሊው የፍራንክፈርቱ ተወላጅ አዳም ኤልስሃይመር ሲሆን ሮም ተቀምጦ በ1609 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሠራት። ዛሬ ሙኒክ፣ አልተ ፒናኮቴክ ሙዚየም ውስጥ ትገኛለች። ታሪኩም የእመቤታችን ወደ ግብፅ መሰደድ ነው።

እኔ ያየኋት በጥቅምት፣ በጽጌ ሰሞን ነበር። እውነቱን ልናገርና መጀመሪያ ቅር አለኝ። በልጅነቴ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ያየሁት ስደት እንዲህ አይደለም። እዚያ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ግድግዳውን ሞልታለች፤ ዮሴፍ አለ፣ ሰሎሜም ጓዝ ተሸክማ ትከተላለች። እዚህ ግን ሰማዩና ጫካው ገንነው ቅዱሳኑን በመዳፌ ልሸፍናቸው እችላለሁ። ሰሎሜንም ፈለግኋት፤ የለችም። ከኤልስሃይመር በኋላ ሮም ላይ የገነነው ሠዓሊ ክሎድ ሎሬን የሚሸጠው መልክዐ ምድሩን እንደሆነ፣ ሰዎቹን ግን ምርቃት አድርጎ እንደሚሰጥ ይናገር ነበር ይባላል። ቅዱሳን ምርቃት ሆኑ ማለት ነው!

ቀረብ ብዬ ሳይ ግን ነገሩ ተለወጠብኝ። ማቴዎስ «በሌሊት» ይላል፤ ብዙዎቹ ሠዓሊዎች ይህን ቃል ዘለውት በጠራራ ፀሐይ ያስኬዷቸዋል። ኤልስሃይመር አልዘለለውም። በስተቀኝ ሙሉ ጨረቃ ውኃው ላይ ወድቃለች። በስተግራ እረኞች ያነደዱት እሳት ፍንጣሪውን ወደ ላይ ይረጫል። ከላይ ፍኖተ ሐሊብ፣ ያ ነጭ የከዋክብት ጎዳና፣ ሰማዩን ሰንጥቆ ያልፋል። በእርግጥ ሙሉ ጨረቃ በወጣችበት ሌሊት ፍኖተ ሐሊብ እንዲህ አይደምቅም፤ መብራት በሌለበት መንደር ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ይሁን፣ ይቅር ብዬዋለሁ። በመካከል ደግሞ ከሁሉ ያነሰው ብርሃን፣ የዮሴፍ ችቦ አለ።

ኤልስሃይመር በማግስቱ ዓመት፣ በ32 ዓመቱ፣ ዕዳ ተጭኖት ሞተ። ወዳጁ፣ የአንትወርፑ ሠዓሊ ሩበንስ፣ በጻፈው የኀዘን ደብዳቤ ስንፍናውን እግዚአብሔር ይቅር እንዲለው ጸልዮለታል፤ ለሟቹ ሚስትም ይህችን ሥዕል ወደ አንትወርፕ እንድትልካት መክሯል። እጁ ቀርፋፋ ነበር፣ የተወልን ሥራም ጥቂት ነው። እነዚያን ከዋክብት አንድ በአንድ ነጥብ ያደረገ ሰው ግን እንዴት ሰነፍ ይባላል?

ያን ዕለት ማታ ሥዕሏን በስልኬ ለአክስቴ ልጅ አሳየሁት። እርሱ ከዓመታት በፊት በረሃውን በእግሩ፣ በሌሊት ያቋረጠ ሰው ነው፤ ስለ ጉዞው ብዙ አይናገርም። ባሮክ ስለሚባለው የሥዕል ዘመንም ሆነ ስለ መዳብ አልጠየቀኝም። ቅዱሳኑ ማነሳቸውም ቅር አላሰኘውም። ስልኩን ወደ ዐይኑ አስጠግቶ ዝም ብሎ ቆየና ጣቱን ችቦው ላይ አሳረፈ።

«ይህን ለምን አያጠፋውም?» አለኝ። «ከሩቅ እኮ ይታያሉ።»