ቁርጥ ዋጋ ወይስ ወጪ ሲደመር ትርፍ? የከባድ ሮኬቶች ክርክር
በድሬዳዋ ለምህንድስና ተማሪዎች የቀረበ ንግግር

ክቡራን መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የመጣችሁ የድሬ ልጆች፣ እንደምን ዋላችሁ!

የምንጠቅሳቸው ቀኖች፣ ወሮችና ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ይህችን ከተማ ያቆረቆራት የኩባንያ ውል ነው። አፄ ምኒልክ የባቡሩን ፈቃድ በ1894 ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ሰጡ። ሐዲዱ በ1902 እዚህ ደረሰ፤ ከዚያ ገንዘብ አለቀና ሥራው ቆመ። አዲስ አበባ ለመግባት ሌላ ኩባንያ ማቋቋም፣ እስከ 1917 ድረስም መጠበቅ ግድ ሆነ። ስለዚህ «ከባዱን ሮኬት መንግሥት ይሥራው ወይስ ኩባንያ?» የሚለው ክርክር ለድሬ ሰው ባዕድ አይደለም።

ከስሙ እንጀምር። ኤስኤልኤስ የተባለው የአሜሪካ ጠፈር ድርጅት የናሳ ከባድ ሮኬት «የመንግሥት ሮኬት» ይባላል እንጂ የሚሠሩት ኩባንያዎች ናቸው፤ ዋናውን አካል ቦይንግ፣ በጠጣር ነዳጅ የሚነዱትን ሁለት የጎን ሮኬቶች ደግሞ ኖርዝሮፕ ግሩማን ይሠራል። መንግሥታዊ የሚያደርገው ንድፉ የናሳ መሆኑና ውሉ ነው። ውሉ ወጪው ምንም ያህል ቢሆን ይሸፈንና ትርፍ ይታከልበታል ይላል። ስፔስኤክስ የተባለው ኩባንያ ሮኬት ፋልከን ሄቪ ግን የሚገዛው በቁርጥ ዋጋ ነው።

የውል ነገር ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ ለማየት ራሱን ቦይንግን ተመልከቱ። የኤስኤልኤስ ሥራ ሲጓተት ጭማሪውን የከፈለው የአሜሪካ ግምጃ ቤት ነው። ስታርላይነር የተባለውን የጠፈርተኞች መንኮራኩር ግን በቁርጥ ዋጋ ስለተዋዋለ ከ1.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ኪሳራ ከገዛ ኪሱ ወጣ። ኩባንያው ያው፣ ውሉ ሌላ።

የገንዘቡ መጠን ይህን ይመስላል። የናሳ ዋና ኢንስፔክተር በ2022 እንዳስረዱት፣ በመጀመሪያዎቹ አራት በረራዎች አንዱ ጉዞ ኦራየን ከተባለው የጠፈርተኞች መንኮራኩርና ከምድር አገልግሎቱ ጋር 4.1 ቢሊዮን ዶላር ይፈጃል፤ ከዚህ ውስጥ 2.2 ቢሊዮኑ የሮኬቱ ብቻ ነው። ከምክንያቶቹ አንዱን በዓይን ማየት ይቻላል። አራቱ አርኤስ-25 ሞተሮች ስፔስ ሹትል በተባሉት ተመላላሽ መንኮራኩሮች ዘመን ደጋግመው እንዲበሩ የተሠሩ ነበሩ፤ አሁን ግን አንድ ጊዜ ተኩሰው ውቅያኖስ ውስጥ ይቀራሉ። እንዲህ ያለ ሞተር መጣል የሚያንገበግብ ነው።

ሌላው ጣጣ ነዳጁ ነው። ፈሳሽ ሃይድሮጅን ከዜሮ በታች 253 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። ሞለኪውሉ እጅግ ትንሽ ስለሆነ፣ ብረቱና ማሸጊያው በቅዝቃዜ ሲኮማተሩ በምትገኘው ቀዳዳ ሁሉ ያመልጣል። መስከረም 3 ቀን 2022 ሮኬቱ ሊነሳ ሲል 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ካለው የነዳጅ መስመር መጋጠሚያ ጋዝ አፈተለከ። መጠኑ ከተፈቀደው 4 በመቶ በእጥፍና ከዚያ በላይ ስለነበር በረራው ተሰረዘ። መጋጠሚያው ሲፈታ ማሸጊያው ላይ ከሩብ ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ጠባሳ ተገኘ። ማሸጊያው ተቀየረ፤ ነዳጁም ከዚያ ወዲህ ግፊቱ ቀስ እያለ ይሞላ ጀመር። በመነሻው ሌሊትም ሌላ ቫልቭ አፈሰሰ፤ ሦስት ሰዎች ነዳጅ የተሞላው ሮኬት ሥር ገብተው ዳዶዎቹን አጠበቁ። ኅዳር 16 ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሰው ያልጫነው ኦራየን ወደ ጨረቃ ተወነጨፈ።

የኩባንያዎቹም ጎዳና ሊሾ አይደለም። የስፔስኤክስ ግዙፍ ሮኬት ስታርሺፕ ሚያዝያ 20 ቀን 2023 መጀመሪያ ሲነሳ፣ 33 ሞተር ታጥቆ የቆመው ከታች እሳቱን የሚያዞርለት ቦይ በሌለበት መድረክ ላይ ነበር፤ ኮንክሪቱ ተፈነቃቅሎ ርቆ ተበተነ። በጥቅምት 2024 ግን የሌላ ስታርሺፕ ግዙፍ ታችኛ ክፍል በማማው ክንዶች ከአየር ላይ ቀለቡት። በቁርጥ ዋጋ የሚሠራ ሰው ቶሎ ይሰብራል፣ ቶሎም ይጠግናል። ይሁንና ስታርሺፕ ጨረቃ ላይ ለማረፍ ምሕዋር ላይ ደጋግሞ ነዳጅ መቀዳት አለበት፤ ይህ ደግሞ ኤስኤልኤስ የማይሸከመው ሸክም ነው።

ኤስኤልኤስና ፋልከን ሄቪ ፊት ለፊት የተመዘኑበት አንድ ጉዳይ አለ። የጁፒተርን ጨረቃ ዩሮፓን የሚያጠናው፣ 6 ቶን የሚመዝነው ዩሮፓ ክሊፐር የተባለ ሰው አልባ መንኮራኩር በኤስኤልኤስ እንዲሄድ ሕግ አስገድዶ ነበር። ቢሄድ ኖሮ ጁፒተር ከሦስት ዓመት ባነሰ ጊዜ ይደርስ ነበር። ነገር ግን የኤስኤልኤስ ንዝረት ለመንኮራኩሩ አስጊ ሆኖ ተገኘ፤ ሮኬቱም ለጨረቃ ጉዞ ይፈለግ ነበር። ግዴታው ተነሳና ናሳ በ178 ሚሊዮን ዶላር ፋልከን ሄቪን ገዛ። ክሊፐር ጥቅምት 14 ቀን 2024 ተነሳ፤ በማርስና በምድር ስበት ተገፍቶ የሚደርሰው በ2030 ነው። ዋጋው ረከሰ፣ መንገዱ ረዘመ። የሦስት ዓመት ያህል ተጨማሪ ጥበቃ ለዕቃ ይቻላል፤ ለሰው አይቻልም።

እኛ የምናምነው ዕቃ የሚጭነው በቁርጥ ዋጋ ይገዛ፣ ሰው የሚያመላልሰው ደግሞ የኩባንያዎቹ ሮኬት በበረራ እስኪፈተን በመንግሥት እጅ ይቆይ ብለን ነው። ሁለተኛ አቅራቢ ሳይኖር ግን ቁርጥ ዋጋ አትዋዋሉ፤ ክፍያውም ሥራው ታይቶ በየደረጃው ይሁን። በ1902 የሐዲዱን ሥራ ያስቆመው የገንዘብ እጦት ነበር፤ ኩባንያው ቢከስር ንድፉና መሣሪያው ለተተኪው የሚተላለፍበት አንቀጽም ከፊርማው በፊት ይግባ።