ፊርማውን አታጥፉ፦ ስለ ፕሮክሲ ሰርቨር የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ለብዙ ኮምፒውተሮች አፕዴት እያወረደ ስለሚያከፋፍል ፕሮክሲ ሰርቨር ደውላችሁ ለጠየቃችሁ፣ የኔትወርክ ባለሙያችን የሰጡት መልስ እነሆ።

ጥያቄ፦ የኮሌጃችን ላብ 40 የኡቡንቱ (የሊኑክስ ዓይነት ሲስተም) ኮምፒውተሮች አሉት። አፕዴት በመጣ ቁጥር ኢንተርኔቱ ይንቀራፈፋል። ምን ይሻለናል?

መልስ፦ አፕት-ካቸር-ኤንጂ (apt-cacher-ng) የሚባለውን ፕሮክሲ ፕሮግራም ጫኑ። አንዱ ኮምፒውተር ያስወረደውን ፓኬጅ (የታሸገ የፕሮግራም ፋይል) ያስቀምጥና ለሌሎቹ ከራሱ ይሰጣል። የሚሠራው በ3142 ፖርት (የኔትወርክ በር) ነው። አደራ፣ ፖርቱን ለውስጥ ኔትወርክ ብቻ ክፈቱት።

ጥያቄ፦ ስኩዊድ የሚባለው ፕሮክሲ ፕሮግራም ላይ ትንንሹ ፋይል ይቀመጣል፤ ትልልቁ ግን ሁሌ እንደ አዲስ ይወርዳል።

መልስ፦ ስኩዊድ ካልነገሩት ከ4 ሜጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አያስቀምጥም። የቅንብር ፋይሉ ውስጥ «ማክሲመም ኦብጀክት ሳይዝ» (ትልቁ የፋይል መጠን) የሚለውን ከፍ ያድርጉት። መስመሩን የካሹን (የማስቀመጫውን) ቦታ ከሚናገረው «ካሽ ዲር» በላይ ይጻፉት።

ጥያቄ፦ አፕዴት ሳደርግ ኡቡንቱ የፓኬጆቹን ዲጂታል ፊርማ አልቀበልም አለኝ። ጓደኛዬ «የማውረጃ ምንጮቹ ዝርዝር ላይ ትረስትድ የስ (ያለ ፊርማ እመነው) ብለህ ጻፍበትና ተገላገል» አለኝ። ሠራልኝ። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው እንጂ! ይህን በየሳምንቱ እሰማለሁ፤ በየሳምንቱም ያስጨንቀኛል። ልጄ፣ ያጠፋኸው ማስጠንቀቂያውን ብቻ አይደለም፤ ጥበቃውንም ነው። ኡቡንቱ የፓኬጆቹን ዝርዝር በራሱ ቁልፍ ይፈርማል። ዝርዝሩ ውስጥ የእያንዳንዱ ፓኬጅ የሻ-256 አሻራ (ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ መለያ ቁጥር) አለ። መንገድ ላይ ወይም ፕሮክሲው ላይ አንዲት ፊደል ብትቀየር ኮምፒውተሩ እምቢ ይላል። በፕሮክሲ የመጣን ፋይል አምነን የምንጭነው ለዚህ ነው። ፊርማው ከጠፋ ግን ፕሮክሲው ውስጥ የገባ ሌባ ያሻውን ፕሮግራም ለሁሉም ኮምፒውተር ያድላል። ፕሮግራሙም በሩት (ሁሉን በሚችለው አስተዳዳሪ) ሥልጣን ይጫናል። ማኅተሙ የተቀደደ መድኃኒት ለልጅህ ትሰጣለህ?

ዛሬውኑ ያንን ቃል አጥፋና ስህተቱን አንብበው። «ኖ ፐብኪይ» ካለ ቁልፉ የለህም፤ ከሶፍትዌሩ ባለቤት ድረ-ገጽ አምጣው። «ኤክስፕ ኪይ ሲግ» ካለ የቁልፉ ጊዜ አልፏል፤ አዲሱን ጫን። «ባድ ሲግ» ካለ ብዙ ጊዜ ፕሮክሲው ላይ የተቀመጠው ዝርዝር ተበላሽቷል፤ ከካሹ ሰርዘውና እንደገና ይውረድ።

ፊርማ አለኝ ብላችሁም አትዘናጉ። በፈረንጆቹ ጥር 2019 የኡቡንቱ ፓኬጅ አውራጅና ጫኝ የሆነው አፕት ራሱ ላይ የደህንነት ቀዳዳ ተገኝቶ ነበር። መሐል የገባ ሰው የሐሰት ፓኬጅ ሊያስጭን ይችል ነበር። ፕሮክሲውንም ኮምፒውተሮቹንም አፕዴት አድርጉ።

ጥያቄ፦ በኤችቲቲፒኤስ (በተመሰጠረ የድረ-ገጽ መስመር) የሚወርድ ፋይልስ በስኩዊድ ይቀመጣል?

መልስ፦ ያልፋል እንጂ አይቀመጥም፤ የተመሰጠረ ነው።

ጥያቄ፦ ከቤት ሆኜ እንድጠቀምበት ፕሮክሲውን ለኢንተርኔት ብከፍተውስ?

መልስ፦ በፍጹም! ክፍት ፕሮክሲ የሚያድኑ ሰዎች ሌት ተቀን ፖርት ይፈትሻሉ። ካገኙት ወንጀላቸውን በእርስዎ አድራሻ ይሠሩበታል፤ የሚጠየቀውም መሥሪያ ቤትዎ ነው። በቪፒኤን (ወደ ውስጥ ኔትወርክ በሚያስገባ የተመሰጠረ መስመር) ይግቡ። ስኩዊድ ላይ የውስጡን ኔትወርክ ፍቀዱና የመጨረሻው የፈቃድ መስመር «ዲናይ ኦል» (ሌላውን ሁሉ ከልክል) ይሁን። ፖርቱ ለውስጥ ብቻ፣ ደግሜ እላለሁ።

ጥያቄ፦ የፕሮክሲው አክሰስ ሎግ (ማን እንደተጠቀመ የሚመዘገብበት ፋይል) ላይ የማናውቃቸው የውጭ አድራሻዎች ሞልተዋል።

መልስ፦ የፕሮክሲውን የኔትወርክ ገመድ ንቀሉት። ሎጉን እንዳትሰርዙ፣ ዲስኩንም ፎርማት እንዳታደርጉ። ከዚህ በኋላ ያለው በስልክ የሚነገር አይደለም፤ የደህንነት ባለሙያ ጥሩና ማሽኑን ይየው።