«እኔን!» ማለትና ጥፋተኛ ነኝ ማለት

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ውድ ወንድሞችና እህቶች፤

የእሁድ ዕረፍታችሁን ትታችሁ ወደዚህ አዳራሽ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ መንገዶች ላይ ሃያ ሦስት ዓመት ነድቻለሁ፤ አሥራ አንዱን ዓመት በታክሲ። በእነዚህ ዓመታት ግጭት የደረሰበት የአገሬ ሰው እንግሊዝኛው ሲያጥረው እየደወለልኝ፣ ብዙ ጊዜ በመንገድ ዳር ቆሜ አስተርጉሜአለሁ። ዛሬ የምናገረው ስለ ከባድ አደጋ አይደለም። በከባድ አደጋ ጊዜ አምቡላንሱም ፖሊሱም ጠበቃውም ይመጣል። እኔን የሚያሳስበኝ ሰው ያልተጎዳበት፣ መኪናው ተነሥቶ የሚሄድበት፣ «ተመስገን፣ ብረት ነው» ብለን የምናልፈው ግጭት ነው፤ ምክንያቱም እዚያ ላይ ማንም አይመጣልንም፤ የሚፈርድልን ወይም የሚፈርድብን በዚያች አምስት ደቂቃ ውስጥ ከአፋችን የወጣው ቃል ነው።

አንዲት እናታችን ከአገር ቤት በመጡ በሁለተኛው ዓመት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በአንድ የገበያ አዳራሽ ፓርኪንግ በቀስታ ሲያልፉ፣ አንዲት ወጣት ከቆመችበት ወደ ኋላ ስትወጣ የቀኝ በራቸውን ገጨችው። ልጅቷ ደንግጣ ታለቅስ ነበር። እኚህ እናት ከመኪናቸው ወርደው፣ የራሳቸውን በር እንኳ ዞር ብለው ሳያዩ፣ ወደ እርሷ ሮጡና አቀፏት፤ «እኔን! እኔን ልጄ!» አሏት። ከዚያም በያዟት ጥቂት እንግሊዝኛ «አይ አም ሶሪ፣ አይ አም ሶሪ» እያሉ ትከሻዋን ዳበሷት። ከሦስት ሳምንት በኋላ የልጅቷ ኢንሹራንስ ደብዳቤ ላከ። ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። እናታችን በስፍራው ይቅርታ በመጠየቅ ጥፋታቸውን እንዳመኑ፣ ስለዚህም ለበሩ ማሠሪያ ምንም እንደማይከፈላቸው ይገልጻል። መነጽራቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አስቀመጡና፣ «ምን ብዬ ነው ያመንኩት?» ሲሉ ጠየቁኝ።

እኛ «እኔን» ስንል ሕመምሽን እኔ ልውሰደው ማለታችን ነው። ማንም አማርኛ ተናጋሪ ይህን ቃል ሰምቶ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ አይመረምርም። ወደ እንግሊዝኛ ሲገባ ግን ርኅራኄው ወድቆ ይቀርና ይቅርታው ብቻ ይሻገራል። አንዲት «ሶሪ» ብቻዋን ማንንም በሕግ ጥፋተኛ እንደማታደርግ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ላለመክፈል ምክንያት ለሚፈልግ ሰው ጥሩ መነሻ ናት፤ በተለይም እኛ በምንኖርበት አካባቢ።

ይህን «በተለይም» ያልኩበትን ምክንያት ላስረዳ። በአብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች ጥፋት በድርሻ ይከፈላል፤ ሃያ በመቶ ያጠፋ ሰው ካሳው በሃያ በመቶ ይቀነስበታል። በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዲሲ ግን ለአሽከርካሪ የሚሠራው የቆየው ደንብ ነው፤ ተጎጂው ራሱ ለአደጋው ጥቂት እንኳ አስተዋጽኦ ካደረገ፣ ሌላው የቱንም ያህል ቢያጠፋ፣ ካሳ አያገኝም። ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2016 ይህን ደንብ ለእግረኞችና ለብስክሌት ነጂዎች አላልታለች፤ ለባለ መኪና ግን እንዳለ ነው። ሜሪላንድ ደንቡን የያዘችው እ.ኤ.አ. ከ1847 ጀምሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የግዛቲቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደንቡን እንዲሽር በአንድ የእግር ኳስ ሜዳ ጉዳይ ተጠይቆ ነበር። አንድ ወጣት አሠልጣኝ የግቡን አግዳሚ ብረት ዘሎ ሲይዝ ብረቱ በላዩ ወድቆ ፊቱን ክፉኛ ጎድቶታል። ከሕዝብ የተመረጡት ፈራጆች (ጁሪ) ሜዳውን የያዘው ማኅበር ቸልተኛ እንደነበረ ወሰኑ፤ ወጣቱም ራሱ ጥፋት እንዳለበት ወሰኑ፤ ወጣቱ ባዶ እጁን ወጣ። ፍርድ ቤቱም ደንቡን መለወጥ ከፈለገ የግዛቲቱ ምክር ቤት ይለውጠው ብሎ ተወው። እንግዲህ በዚህ ደንብ ሥር ነው «ምናልባት እኔም አላየሁሽም መሰለኝ» እያልን በትሕትና የምንናገረው።

ይህን ስል ዋሹ ማለቴ አይደለም፤ እግዚአብሔርም ሕሊናም አይፈቅድም። ያጠፋ ሰው ጥፋቱን ለራሱ ኢንሹራንስ በቅንነት ይንገር፤ በየወሩ የምንከፍለው ለዚያ ቀን ነው። እኔ የምለው ያየነውን ብቻ እንናገር፣ ያላየነውን በግምት አንሙላ ነው። ርኅራኄያችንም አይቅር። «ተጎድተሻል? አምቡላንስ ልጥራልሽ?» ብሎ መጠየቅ ደግነት ነው፤ ውኃ መስጠትም ደግነት ነው፤ ከሁለቱም ውስጥ ጥፋትን ማመን የለም።

ሁለተኛው የሚጎዳን ልማድ በመንገድ ዳር መታረቅ ነው። በዚህ እኔው ራሴ ተጎድቻለሁ። ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ቀይ መብራት ላይ ቆሜ ሳለ አንድ ሰው ከኋላ ገጨኝ። ጨዋ ሰው ነበር፤ ኢንሹራንስ ይጨምርብኛል፣ በመካከላችን እንጨርሰው ብሎ አራት መቶ ዶላር አውጥቶ ሰጠኝ። ባምፐሩ ተጫረ እንጂ አልተሰበረም ብዬ ተቀበልኩ፤ ስሙን እንኳ አልጻፍኩም። በማግስቱ ጋራዡ ባምፐሩን ሲፈታው፣ ከሥሩ ያለው ብረት ታጥፎ፣ ዳሳሹም (ሴንሰሩም) ተሰብሮ ተገኘ። የተጠየቅኩት ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ዶላር ነበር። ሽምግልና ትልቅ ሀብታችን ነው፤ ነገር ግን ሽማግሌ የሚፈርደው ጉዳቱን አይቶ ነው፤ የዛሬን መኪና ጉዳት ደግሞ ከውጭ ማየት አይቻልም።

ሦስተኛው ልማድ ከአገር ቤት የትራፊክ ሥርዓት ይዘነው የመጣነው ነው። እዚያ ትራፊኩ መጥቶ ለክቶ ፕላን እስኪያነሳ መኪና አይነቃነቅም ተብለን ነው ያደግነው። እዚህ ሰው ካልተጎዳና መኪናው መሄድ ከቻለ፣ ከመንገዱ ማውጣት ግዴታ ነው። ስለዚህ ፕላኑን የምናነሳው እኛው ነን፤ በስልካችን። መኪኖቹ ከመንቀሳቀሳቸው በፊት ከሩቅ መብራቱንና መስመሩን ጨምሮ፣ ከዚያ ከቅርብ ጉዳቱን፣ ታርጋውን፣ የመንጃ ፈቃዱንና የኢንሹራንስ ወረቀቱን ማንሣት ነው። ያየ ምስክር ወደ ሥራው ይሄዳልና የስልክ ቁጥሩን ቶሎ ተቀበሉት።

ከሁሉ ይልቅ የምለምናችሁ፣ ፈርታችሁ ከስፍራው እንዳትሄዱ ነው። በተለይ የመኖሪያ ወረቀታቸው በሂደት ላይ ያለ ወጣቶች ፖሊስ ከሚያየኝ ብለው ይሸሻሉ። በቨርጂኒያ ሰው ያለበትን መኪና ገጭቶ፣ ጉዳቱ ከ1,000 ዶላር በላይ ሆኖ ሳለ፣ ሳይቆሙ መሄድ ከባድ ወንጀል ነው። ዛሬ 1,000 ዶላር አንድ የፊት መብራት ነው። በኢንሹራንስ ያልቅ የነበረ ነገር ለአንድ ወጣት የመኖሪያ ወረቀት መሰናክል ሆኖ ሲመጣ አይቻለሁ፤ ያ ልጅ እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።

በማግስቱም ስልክ ይደወላል። የሌላው ወገን ኢንሹራንስ ሠራተኛ በለሰለሰ ድምፅ ቃልዎን እየቀዳሁ ነው ይላል። ለእርሱ የተቀዳ ቃል የመስጠት ግዴታ የለባችሁም፤ የራሳችሁን ኢንሹራንስ አነጋግሩ፤ ከእርሱም ጋር ቢሆን የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ። ለ911 ስትደውሉም «አምሃሪክ» በሉ፣ አስተርጓሚ በስልክ ይፈለግላችኋል። በዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የቋንቋ ሕግ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በአማርኛ እንዲያስተናግዱን ያስገድዳል፤ ይህን መብት ሳንጠቀምበት በልጆቻችን አፍ እናስተረጉማለን። የአሥር ዓመት ልጅ «አላስተዋልኩም» በሚለውና «አላየሁም» በሚለው መካከል ያለውን ልዩነት እንዲለይ መጠበቅ ለልጁም ሸክም ነው።

በመተግበሪያ ሰው የምታመላልሱ ደግሞ፣ የግል ኢንሹራንሳችሁ ያንን ሥራ ይሸፍን እንደሆነ ነገ ጠዋት ደውላችሁ አረጋግጡ። ተጨማሪ ሽፋን ካልተገዛበት ብዙውን ጊዜ አይሸፍንም።

በሩ ላይ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈ አንድ ገጽ ወረቀት አለ። ከላይ የኢንሹራንሳችሁ ስልክና የፖሊሲ ቁጥር የሚሞላበት ባዶ ቦታ ተትቷል፤ ዛሬ ሞልታችሁ በመኪናችሁ መሳቢያ አስቀምጡት። አሁን ደግሞ፣ ገና ሳይመሽ፣ ስልካችሁን ይዛችሁ ወደ ፓርኪንጉ እንውጣ። የእኔንና የአንድ ወንድማችንን መኪና እንደተጋጩ አድርገን አቁመናቸዋል፤ እያንዳንዳችሁ ፎቶውን አንሥታችሁ ታሳዩኛላችሁ፤ እናቶች ይቅደሙ።